ስለ ጋፋት መንደር ታሪክና ስለ እድራችን መዝገብ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




 

ኮሚቴው ስለ ጋፋት ታሪክ አንድ ንግግር እንዳደርግ ሲያዝዘኝ፣ «የእኔ የቀለም ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም፤ ዩኒቨርሲቲው አጠገባችን እያለ ታሪክ ከእኔ ይጠየቃል ወይ?» ብዬ ለማምለጥ ሞክሬ ነበር። የተሰጠኝ መልስ ግን «እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ መዝገብ ሲያገላብጡ ነው የኖሩት፤ መዝገብ የሚያውቅ ሰው ታሪክም ያውቃል» የሚል ሆነ። ይህ አባባል ሙሉ በሙሉ ልክ አይመስለኝም። መዝገብ ቤት የኖረ ሰው በደንብ የሚያውቀው ነገር ቢኖር፣ የተጻፈው ምን እንደ ሆነና ሳይጻፍ የቀረው ምን እንደ ሆነ ለይቶ ማየት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው በዚሁ በጸሐፊ ዓይን ስለ ሆነ፣ ከዚያ በላይ እንዳትጠብቁብኝ አደራ እላለሁ።

እንግዲህ ጋፋት ማለት ሁላችሁም እንደምታውቁት ከደብረ ታቦር ከተማ ወጣ ብሎ ያለው ኮረብታና በዙሪያው የተቀመጠው መንደር ነው። አገሩ ደጋ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚሆነው የጉና ተራራም ጎረቤታችን ነው፤ ርብና ጉማራ ከዚያ ተነሥተው ቁልቁል ወርደው ጣና ይገባሉ። ገብሱን፣ ድንቹን፣ የሐምሌን ጭቃና የኅዳርን ውርጭ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ከተማይቱን የቆረቆሯት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው፤ እስከ ራስ ዓሊም ድረስ የመሳፍንቱ መቀመጫ ነበረች። ደጃዝማች ካሣ በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል ነሥተው በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አደረጓት። ኋላም ዐፄ ዮሐንስ ተቀምጠውባታል። ይህ ሁሉ በየመጽሐፉ ስላለ አልፈዋለሁ።

የእኛ መንደር ስም በዓለም የተሰማው በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። ነገሩ የተጀመረው በሃይማኖት ስብከት እንጂ በመድፍ አልነበረም። በኢየሩሳሌም ይኖር የነበረው የፕሮቴስታንት ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት፣ በስዊስ አገር ከባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የእጅ ሙያ የሚያውቁ ሰባኪዎችን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንትስሌን፣ ኋላም ዋልድማየርና ሳልሙለር የሚባሉት ናቸው። ንጉሡ ግን ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት። በጋፋት አስቀመጧቸው፤ ቤት ሠሩ፣ የብረት ሥራ ቤት አቆሙ። ከነዚህም ሌላ ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልና ቡርጎ የሚባል ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪ በሥራው ገቡበት። የአገር ልጆችም ፊደልና የእጅ ሥራ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዛሬ የቴክኒክ ትምህርት ሲባል እንደ አዲስ ነገር እናየዋለን፤ በዚህ ኮረብታ ላይ ግን ከ150 ዓመት በፊት ተጀምሮ ነበር።

ዋልድማየር ራሱ እንደ ጻፈው፣ ንጉሡ መድፍ አቅልጡልኝ ባሏቸው ጊዜ ፈረንጆቹ «ይህን ሥራ አናውቅም» ብለው መለሱ። እውነታቸውን ነበር፤ አናጢ፣ ግንበኛ፣ አንጥረኛ እንጂ መድፍ አቅላጮች አልነበሩም። ንጉሡም ይህን መልስ ሲሰሙ አገልጋዮቻቸውን አሠሩባቸው። በዚህ ጊዜ እንሞክራለን አሉ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ እየደጋገሙ ሞክረው በመጨረሻው ተሳካላቸው።

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ እንድታስቡልኝ እለምናለሁ። የታሠሩት እነማን ናቸው? አገልጋዮቹ። እነዚያ አገልጋዮች ደግሞ ከሰማይ አልወረዱም፤ የዚሁ አገር ልጆች፣ ምናልባትም ከመካከላችን የአንዳንዱ ቅድመ አያቶች ናቸው። የፈረንጆቹ ስም እስከነ አባታቸው፣ እስከነ ተወለዱበት መንደር ተጽፎ ይገኛል። ስለ ፈረንጆቹ እምቢታ በሰንሰለት የገቡት ሰዎች ግን «አገልጋዮች» ተብለው ብቻ ቀርተዋል።

ስለ ሥራውም እንዲሁ ነው። በከተማችን ቡና ቤት ውስጥ «ሴባስቶፖልን የሠሩት ፈረንጆች ናቸው» የሚል ክርክር ሲነሣ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሌላው ደግሞ ተቆጥቶ «የሠሩት ቴዎድሮስ ናቸው» ይላል። እኔ ሁለቱም አልተዋጠልኝም። መድፍ እንዴት እንደሚቀልጥ እስቲ በቀላሉ እንመልከተው። መድፉ የነሐስ ነው። ነሐስ መዳብና ቆርቆሮ ተቀላቅሎ የሚገኝ ሲሆን፣ መዳብ ለብቻው የሚቀልጠው 1,085 ዲግሪ ሙቀት ላይ ነው። ይህን ሙቀት የሚሰጥ ከሰል ከየት ይመጣል? እንጨት ተቆርጦ፣ ተከምሮ፣ በአፈር ተዳፍኖ ቀንና ሌሊት ሲጠበቅ ነው። ከሰል ያከሰለ ሰው ያውቀዋል፤ አንድ ቀዳዳ ካመለጠህ ሁሉም አመድ ነው። ያንን ከሰል የሚያነድድ ነፋስ ደግሞ ያስፈልጋል። ምድጃው የሚሠራበት ጡብ እሳት የማያፈርሰው አፈር ይፈልጋል፤ የትኛው አፈር እሳት እንደሚችል የሚያውቀው ምጣድና ማሰሮ ሲሠራ የኖረ እጅ ነው። የመድፉ ቅርጽ የሚወጣው ከጭቃ ነው፤ በደንብ ሳይደርቅ የቀለጠ ነሐስ የፈሰሰበት እንደ ሆነ እርጥበቱ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል። ይህ ሁሉ ሲደመር ከአምስት ወይም ከስድስት ፈረንጅ አቅም በላይ ነው። ከሳዩ፣ እንጨት ተሸካሚው፣ ጭቃ ረጋጩ፣ ውሃ ቀጂዋ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ በግ ነጂው ሲደመር ነው መድፍ የሚሆነው። ፈረንጆቹ ዘዴውን ሞክረው አገኙ፤ ይህን አልክድም፤ ክብራቸውን መንፈግ ነውር ነው። ጉልበቱና ብዙው ሙያ ግን የመንደር ነበር።

በ1858 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ራሳምና ዶክተር ብላንክ የሚባለው ሐኪም ጭምር በጋፋት ተቀምጠው ነበር። በቆራጣ ወረርሽኝ ስለ ገባ ነው ወደ ደጋው የወጡት። ከዚያ ወደ መቅደላ ተወሰዱ። ብላንክ ኋላ መጽሐፍ ጽፎ የጋፋትን ስም በእንግሊዝ አገር አሳወቀ። የኛ ሰው ግን ስለዚያ ዘመን ጋፋት የጻፈው እኔ ያነበብሁት የለም።

ከሁሉ የሚበልጠው መድፍ ሴባስቶፖል የተባለው ነው። ስሙ የተወሰደው በመስኮብ አገር ከነበረ ትልቅ ጦርነት ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ይሆናል። በዛሬው አነጋገር ሰባ ጎረምሳ ሰባ ኩንታል ጤፍ በአንድ ጊዜ ሲሸከም አስቡት፤ ልዩነቱ ጤፉ ይከፋፈላል፣ መድፉ ግን አይከፋፈልም። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። በጨጨሆ፣ በዋድላ፣ የጅዳን ገደል ወርዶ፣ ደላንታን አቋርጦ፣ በሽሎን ተሻግሮ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። መንገዱ እየተሠራ ነበር የሚኬደው፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር ተብሎ ተጽፏል። ያንን መንገድ ያየ ሁሉ ያደነቀው ነው። ነገር ግን ጎታቾቹ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። የነሱም ስም የለም።

ፍጻሜውን ታውቁታላችሁ። እንግሊዞች ኮንሱላቸው ካሜሮንና ሌሎችም በመታሠራቸው ምክንያት በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ጦር ላኩ። በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ውጊያ ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ አለ፤ ምስሉ በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

ወጣቶቻችን በዚህ ታሪክ ሲኮሩ ደስ ይለኛል። ሆኖም ኩራቱ ሙሉውን እንዲሆን የምሬቱንም ወገን ማንሣት ይገባል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የንጉሡ ጦር የሚበላው ከበጌምድር ገበሬ ጎተራ ነበር። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘርፋ አብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠሉ። በዚህ በደብረ ታቦር ዙሪያም ብዙ ሰው በግፍ አለቀ፤ አገሩ ሸፈተ። ስለዚህ የጋፋት መድፍ የማን እህል እንደ በላ እኛ ልጆቻቸው ካላሰብነው ማንም አያስብልንም። እኔ ቴዎድሮስን እወዳቸዋለሁ፤ የገበሬውንም ልቅሶ አልረሳም። ሁለቱን በአንድ ልብ መያዝ ይከብዳል፤ ግን ይቻላል።

ደግሞስ የመድፍ ነገር ሩቅ ነው ወይ? በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በቡሄ ሰሞን ጦርነቱ እስከ ጋይንትና እስከ ጉና ደርሶ፣ ከተማችን በከባድ መሣሪያ ተመታ ሰው እንደ ሞተ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ልጆች ጅራፍ የሚያጮኹበት፣ ችቦ የሚበራበት፣ ሙልሙል የሚታደልበት የደብረ ታቦር በዓል ነበር። በዚህ ላይ ብዙ አልናገርም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ከመቅደላ በኋላ የጋፋት ፈረንጆች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ከዚያ በኋላ የት ደረሱ ብንል ሁሉም ይታወቃል። ዋልድማየር ሊባኖስ ገብቶ በብሩማና ትምህርት ቤት፣ በአስፉሪየህ ደግሞ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። ሞሪትዝ ሆል ያፋ ከተማ ተቀመጠ። ሚስቱ ወለተ ኢየሱስ ትባላለች፤ በአባቷ ዛንደር የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ ልጅ ስትሆን በእናቷ ኢትዮጵያዊት ናት። በዚያው በመቅደላ ዘመን ማግዳሌና የምትባል ሴት ልጅ ተወለደችላቸው፤ የስሟን ምክንያት መገመት አያዳግትም። ማግዳሌና አድጋ ኡስቲኖቭ የሚባል የመስኮብ መኳንንት ወገን አገባች፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1921 እስከ 2004 የኖረው ስመ ጥሩው የእንግሊዝ አገር የፊልም ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የልጅ ልጇ ነው። አያችሁ? ከጋፋት ተነሥተን እስከ ሎንዶን ሲኒማ ቤት ድረስ አንድም ስም ሳይጠፋብን ደረስን።

ይህ እንዴት ሆነ? እነሱ ከእኛ የበለጠ የሚዋደዱ ሆነው አይደለም። የጻፉ በመሆናቸው ነው። በእንግሊዝ አገር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1538 ንጉሡ ሄንሪ ስምንተኛ ሲገዛ፣ በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የተጠመቀው፣ የተጋባውና የተቀበረው ሁሉ በመዝገብ እንዲጻፍ ትእዛዝ ወጣ። ያ ጊዜ በእኛ አገር ዐፄ ልብነ ድንግል በግራኝ ጦርነት ከአምባ አምባ ይንከራተቱ የነበሩበት ዘመን ነው። ከዚያ ጀምሮ አንዲት ሃምሳ ጎጆ ያላት የእንግሊዝ ገጠር መንደር እንኳ ወፍጮ ቤቱን ማን ይጠብቅ እንደ ነበር፣ አንጥረኛው ስንት ልጅ እንደ ቀበረ ልትነግራችሁ ትችላለች። ጌታ ብቻ ሳይሆን ሎሌም ተጽፏል። ዛሬ የመንደሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የመንደራቸውን ታሪክ በመጽሐፍ የሚያወጡት ከዚያ መዝገብ እየቀዱ ነው።

በእኛ አገር የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ ሥራው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ መንግሥት ልደትና ሞት መመዝገብ የጀመረው ትናንት ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት የሞተውን ሰው ማን ጻፈው? እድር ጻፈው! እድር በመዝገብና በወር መዋጮ ተደራጅቶ በአዲስ አበባ ከተጀመረ፣ በተለይም ከኢጣልያ ወረራ በኋላ በየከተማው ከተስፋፋ ወዲህ፣ መንግሥት ሲለዋወጥ፣ ቀበሌ ሲመጣና ሲሄድ፣ የእድር መዝገብ አልተቋረጠም። ገንዘብ የሚወጣው በመዝገቡ ስለ ሆነ ማንም አልቀለደበትም።

ታዲያ መዝገባችን ምን ይላል? ገልጬ አይቼዋለሁ። ተራ ቁጥር፣ የአባሉ ስም እስከ አባት፣ የቤተሰብ ብዛት፣ መዋጮ፣ ቅጣት፣ ፊርማ። በሞት ጊዜ ደግሞ ቀኑና የተከፈለው ገንዘብ ይጨመራል። ሴቶቻችን ከጥቂቶቹ በቀር «የአቶ እገሌ ባለቤት» ተብለው ነው የተጻፉት። ሙያ የሚል ዓምድ የለም። የትውልድ ቦታ የለም። የእናት ስም የለም። ቅጣቱ ግን አለ! አንድ ሰው ስንት ጊዜ ከቀብር እንደ ቀረ ለዘላለም ይታወቃል፤ ከየት መጥቶ ምን ሲሠራ እንደ ኖረ ግን አይታወቅም።

ይህ ለታሪክ ብቻ የሚጎዳ እንዳይመስላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት አሮጊት እናት ቀብር ላይ ነበርሁ። ጥሩምባው ተነፍቶ፣ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ሕዝቡ ተሰብስቧል። ባለቤታቸው ቀደም ብለው ዐርፈዋል። ልጆቻቸው አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላዋ ዐረብ አገር ናቸው። ቄሱ ፍታት ሊጀምሩ የክርስትና ስማቸውን ጠየቁ። ዝም ሆነ። መዝገብ ይታይ ተባለ፤ መዝገቡ «የአቶ እገሌ ባለቤት» ይላል። ልጁ ጋ ስልክ ተደወለ፤ «እማዬ» ከማለት በቀር የክርስትና ስሟን አያውቅም፤ አለቀሰ። አርባ ዓመት አብረን ለቅሶ የደረስን፣ ንፍሮ የበላን ሰዎች እርስ በርስ ተያየን።

በመጨረሻው ከሰዉ ራቅ ብለው ከአጥሩ ሥር የተቀመጡ አንዲት እናት «ወለተ ሚካኤል ናት፤ አንድ ጉድጓድ አፈር ስንቆፍር ነው ያደግነው፤ እናቴ ነግራኛለች» አሉ። እሳቸው ሸክላ ሠሪ ናቸው። ምጣዳችን፣ ጀበናችን፣ ማሰሯችን ከእጃቸው የወጣ ነው። ማን እንደ ሆኑ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ለምን ከአጥሩ ሥር እንደ ተቀመጡም ታውቃላችሁ። የእድራችን አባል አይደሉም። ደንባችን የሚከለክል ሆኖ አይደለም፤ ደንቡን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ የሚከለክል አንቀጽ የለውም። ያልተጻፈ ደንብ ነው የከለከላቸው።

ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን «ቡዳ ነው፣ ይበላል» እያልን ስንሸሽ የኖርን ሕዝብ ነን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል፤ ስድቡ ግን አዋጁን ዐልፎ ኖረ። በበጌምድር ብረትና ሸክላ ይሠሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ቤተ እስራኤሎች ነበሩ፤ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎች አብዛኞቹ ሄዱ። ሲሄዱ ማረሻ የሚስል ሰው ፍለጋ ስንት መንገድ እንደ ተሄደ የገበሬ ልጅ ያውቀዋል። እንግዲህ በአንድ አፋችን «ጋፋት የኢትዮጵያ የብረት ሥራ መነሻ ነው» ብለን እንፎክራለን፤ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ በስሙ ተሰይሟል፣ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋምም ጋፋት ይባላል፤ በሌላው አፋችን ደግሞ እሳትና ጭቃ የሚያውቀውን ሰው ቤቱ ገብተን ቡና አንጠጣም። ይህ ለእኔ አይገባኝም።

ስለዚህ ለጉባኤው ሁለት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛው፣ አንድ ተጨማሪ መዝገብ እንዲከፈት ነው። የመዋጮው መዝገብ እንዳለ ይቀጥላል፤ እሱን አልነካም። በአዲሱ መዝገብ ለእያንዳንዱ አባልና ለእያንዳንዷ ባለቤት አንድ ገጽ ይሰጣል። ስም እስከ አያት፣ የክርስትና ስም ወይም እንደየሃይማኖቱ የሚጠራበት ስም፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የእጅ ሙያ፣ ወደዚህ መንደር የመጡበት ዘመንና ምክንያት፣ ከዚያም በታች «የሚያስታውሱት» የሚል ባዶ ቦታ። ለዓይነት ያህል፣ በ1977 ድርቅ ጊዜ ምን እንዳዩ፣ ወፍጮው መቼ እንደ መጣ፣ የትኛው ምንጭ እንደ ደረቀ፣ ቤታቸውን በደቦ እነማን እንደ ሠሩላቸው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የእንግሊዞቹም መዝገብ ሲጀመር እንዲሁ ትንሽ ነገር ነበር።

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሐሳብ አስቀድሜ ሳጫውታቸው የተቃወሙኝ አሉ። አንደኛው «እድር ለመቅበር ነው እንጂ ለታሪክ አይደለም» አለኝ። መልሴ የወለተ ሚካኤል ቀብር ነው። ሌላው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በዚህ ጊዜ ሰው ከየት እንደ መጣ መጻፍ አያስፈራም ወይ?» አለኝ። ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም፤ አከብረዋለሁ። ስለዚህ ማንም ሰው ያልወደደውን ዓምድ ባዶ የመተው መብት ይኑረው። መዝገቡም ከእድሩ ሣጥን እንዳይወጣ፤ ሦስቱ ቁልፎች በሦስት ሰው እጅ እንዲሆኑ፤ ያለ ጉባኤው ፈቃድ ለማንም መሥሪያ ቤት እንዳይገለጥ በቃለ ጉባኤ ይወሰን። የሙያ ዓምድ ሲሞላ ደግሞ «ገበሬ» ብለን እንደምንጽፈው ሁሉ «ሸክላ ሠሪ»፣ «ቀጥቃጭ»፣ «ጠላ ጠማቂ» ብለን በዚያው እጅ ጽሑፍ፣ በዚያው ቀለም እንጽፋለን።

ሁለተኛው፣ እኚያ እናት በዚህ ጉባኤ የእድራችን አባል እንዲሆኑ ነው። ቤተሰቦቻቸውም እንደዚሁ። መመዝገቢያውን ገንዘብ የሚሸፍን ሰው አለ፤ ስሙ እንዲነሣ አልፈለገም። ሐሳቡን የምትቃወሙ ካላችሁ ከደንቡ አንቀጽ ጠቅሳችሁ እንድትናገሩ እጠይቃለሁ፤ በጉርምርምታ እንዳናልፈው።

የጽሑፉን ሥራ እኔ እጀምረዋለሁ፤ ጡረተኛ ነኝና ጊዜ አለኝ። ዓይኔ ግን እንደ ቀድሞው ስላልሆነ፣ እጅ ጽሑፋቸው የሚነበብ ሁለት ተማሪዎች ከየቤታችሁ ብትሰጡኝ ሥራው ይፈጥናል። ደብተሩ ተገዝቶ ገንዘብ ያዡ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ባለ 200 ገጽ ነው። ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ ከቅዳሴ በኋላ እስከ እኩለ ቀን ድረስ በእድሩ ቤት እገኛለሁ፤ ለእስላም ወንድሞቻችን ደግሞ ዓርብ ከሰዓት በኋላ። ስትመጡ የእናታችሁን ሙሉ ስም ጠይቃችሁ ኑ። እናት በሕይወት የሌለቻችሁ አክስት ጠይቁ፤ አክስት ከሌለች ጎረቤት ጠይቁ።

አሁን ድምፅ እንዲሰጥበት ለዳኛው እመልሳለሁ።